የሐረር መጻሕፍትና የጠራዦቿ እጅ

እንደሚታወቀው ከጅቡቲ ወደ አገራችን ስንገባ አብዛኞቻችን ድሬዳዋ ላይ እንወርዳለን፤ ዘመድ ጠይቀን፣ ጉዳያችንን ፈጽመን እንመለሳለን። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቶ የምትገኘውን ሐረርን ግን ከልጆቻችን ብዙዎቹ በስም እንጂ በዓይን አያውቋትም። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ሐረር ጥንታዊ መጻሕፍትና ስለ መጽሐፍ ጠራዦቿ ጥቂት ለማለት ወደድኩ። ዘመኖቹን ልጆቻችን በትምህርት ቤት በለመዱት በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ገባ። ተራራው አስቸጋሪ ስለነበረ ሐረርን ሳይነካ በግርጌዋ አለፈ። ከዚያ በፊት ግን የአካባቢው ንግድ እምብርት ሐረር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ይወርዳል፤ ጨርቁ፣ ዕቃውና ወረቀቱ ደግሞ ከባሕር ወደ ሐረር ይወጣል። ከተማይቱን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውልያ ቦታዎች ይገኛሉ። ዩኔስኮም በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ንግድና እምነት በተገናኙበት ቦታ መጽሐፍ አይጠፋም። የሐረር ጸሐፊዎች ቁርአን፣ የሕግና የጸሎት መጻሕፍት በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። የሚጽፉት በዐረብኛ ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸውን የሐረሪ ቋንቋም በዐረብ ፊደል ይጽፉበት ነበር። የእኛ የገዳም መጻሕፍት በብራና እንደሚጻፉ ሁሉ የእነሱ በአብዛኛው በወረቀት ነው። እኔ ነጋዴ ስለሆንኩ ሙዚየሙን ስጎበኝ ከጽሑፉ ይልቅ ዕቃው ከየት መጣ የሚለው ነው የሳበኝ። በቀይ ባሕር አካባቢ ይሸጥ ከነበረው ወረቀት ብዙው ጣሊያን አገር የተሠራ ነበር። ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ ሲታይ ሦስት ጨረቃ የመሰለ የፋብሪካ ምልክት ይወጣበታል። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል ተጉዞ፣ በሐረር እጅ ተጽፎ የተጠረዘ ነው ማለት ነው።

ጥረዛው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቆዳው ይለፋል፣ በብረት ማኅተም ሐረግና ክብ ጌጥ ይታተምበታል፤ ከኋላው ሽፋን ጫፍ ደግሞ እንደ ፖስታ አፍ ወደ ፊት የሚታጠፍ ክዳን ይሠራለታል። ክዳኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የገጾቹን ጠርዝ ከአቧራና ከመታጠፍ ይጠብቃል። በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ ከተማይቱን ብዙ ባይወዳትም የጠራዦቿን ሥራ በጥንካሬውም በውበቱም አድንቆ ጽፏል።

በ1887 የአሚሮቹ ዘመን አብቅቶ አስተዳደሩ ሲለወጥ፣ በኋላም የታተመ መጽሐፍ በርካሽ ሲገኝ የእጅ ጽሑፉና ጥረዛው እየተረሳ ሄደ። መጻሕፍቱ በየቤቱ ተቀመጡ። አንዳንዱ ምስጥ በላው፣ አንዳንዱ በቱሪስት እጅ ከአገር ወጣ። በዚህ ጊዜ ነው አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማው ተወላጅ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ መሰብሰብ የጀመሩት። በቴፕ የተቀዱ የድሮ ዘፈኖችን፣ ገንዘቦችን፣ ጌጣጌጦችንና የእጅ ጽሑፎችን አሰባሰቡ። መጀመሪያ በራሳቸው ቤት ያሳዩ ነበር፤ ኋላ ግን የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚጠራው፣ ሕንዳዊ ነጋዴ እንደሠራው የሚነገርለት ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ለስብስቡ ተሰጠ። የተጎዱ መጻሕፍት የሚጠገኑበት ሥራም ተጀምሮ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ጥረዛ እንደገና ተማሩ። ሰውም ይህን ሲያይ በሣጥን የሸሸገውን እያመጣ መስጠት ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ያን ሁሉ ሥራ አንድ ሰው የጀመረው ባለጸጋ ወይም ባለሥልጣን ሆኖ አይደለም፤ «ይህ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል?» ብሎ ነው። እኛም እዚህ በስደት አገር ታሪክ አለን። በባቡር ድርጅት ይሠሩ የነበሩ አባቶቻችን የሥራ ደብተር፣ የእድርና የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ የሠርግና የጥምቀት ፎቶግራፍ በየቤታችን አለ። የዚህ አገር ሙቀትና የባሕሩ እርጥበት ለወረቀት ምሕረት የለውም። ያወቁት ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ፎቶግራፉ ተርፎ የሰዎቹ ስም ቢጠፋ ለልጅ ልጆቻችን ባዶ ወረቀት ነው።

ስለሆነም ለወላጆች ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ በመጪው የክረምት ዕረፍት ልጆቻችሁን ድሬዳዋ ስታደርሱ መንገዱ ደህና ከሆነ ሐረርንም አሳዩአቸው። ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ የቤታችሁን ሣጥን ክፈቱ፤ በፎቶግራፉ ጀርባ ስም፣ ቦታና ዘመን በእርሳስ ጻፉበት፤ ቅጂውንም ለማኅበራችን ስጡ። ቀጣዩን የኢዮቤልዩ መጽሔት የሚያዘጋጁት ልጆቻችን የሚጽፉት ነገር የሚያገኙት ያኔ ነው።

መልካም በዓል ይሁንልን።