የአውራንጋባድ ከተማና መሥራቿ መሊክ አምበር

ስለ ሞጉል ነገሥታት ሲነገር የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ አግራና ወደ ታጅ ማሐል ይሄዳል። እኛ ግን የተከበሩ አንባቢዎቻችንን በደካን አምባ ላይ ወደምትገኘው ወደ አውራንጋባድ ልንወስዳቸው እንወዳለን። ምክንያታችንም ይህች የሞጉሎች ሥራ የሚታይባት ከተማ የተቈረቈረችው የሞጉሎች ጠላት በነበረ በአንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ እጅ ስለ ሆነ ነው።

መሊክ አምበር በ1548 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን) በኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ ገና በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ። በዐረብ አገሮች ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ሳለ እስልምናን ተቀበለ፤ አምበር የሚለውንም ስም ያገኘው በዚያ ነው። በመጨረሻ በሕንድ አገር የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ቺንጊዝ ኻን ሲሆን፥ እርሱም ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው።

ጌታው ሲሞት አምበር ነጻ ወጣና በወታደርነት አደገ። በ1600 የንጉሠ ነገሥት አክባር ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ በያዘ ጊዜ መንግሥቱ አበቃለት ሲባል፥ አምበር ከንጉሡ ዘር አንዱን አንግሦ እርሱ እንደራሴ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሞጉሎች እፎይ አላሉም። ብዛታቸውን በሜዳ መቋቋም ስለማይቻል፥ ፈጣን የማራታ ፈረሰኞችን እየላከ ስንቃቸውን ይቈርጥባቸው፥ በሌሊትም ይወርድባቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በታሪክ ማስታወሻው ስሙን ሲያነሣ ይሰድበዋል፤ ሠዓሊውም ንጉሠ ነገሥቱ የአምበርን የተቈረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ አድርጎ ሣለለት። ያንን ራስ ግን ማንም አልቈረጠውም፤ አምበር በ1626 ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ዐረፈ።

በ1610 ዋና ከተማውን የሠራው ኻድኪ በሚባል መንደር ላይ ነው። በ1612 ለድል መታሰቢያ ያሠራው የባድካል በር ዛሬም ይታያል። እኛን ግን ከበሩ ይልቅ የሚያስደንቀን ውኃው ነው። ከኰረብታዎቹ ሥር ያለውን ውኃ በምድር ውስጥ በተሠራ ቦይ፥ በመሬቱ ቍልቍለት ብቻ ወደ ከተማው አስገባው። እንስራ ተሸክሞ ወንዝ የወረደ ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ ያውቃል። ቦዩ ናህር-ኢ-አምባሪ ተባለ።

ልጁ ፈትሕ ኻን ከተማይቱን ፈትሕናጋር አላት። በ1653 ደግሞ የደካን አገረ ገዥ የነበረው የሞጉሉ ልዑል አውራንግዜብ በራሱ ስም አውራንጋባድ አሰኛት። ጎብኚዎች በብዛት የሚሄዱት በ1657 ለሞተችው ለሚስቱ ለዲልራስ ባኑ መታሰቢያ ወደ ተሠራው ወደ ቢቢ ካ ማቅባራ ነው። መልኩ የታጅ ማሐል ሲሆን፥ እብነ በረዱ በጉልላቱና በግድግዳው ግርጌ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው በኖራ የተለሰነ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የድሀ ታጅ እያሉ የሚንቁት አሉ፤ ለእኛ ግን ገንዘብ መቈጠብ ነውር ሆኖ አልታየንም።

አውራንግዜብ በ1707 ሲሞት በአቅራቢያው ባለችው በኩልዳባድ ጣራ በሌለው ተራ መቃብር ተቀበረ። መሊክ አምበርም በዚያችው በኩልዳባድ፥ ጉልላት ባለው መቃብር ውስጥ አርፏል። ለአንድ አገር የተዋጉት ባሪያና የንጉሥ ልጅ በሞት ጎረቤታሞች ናቸው።

በ2023 የከተማይቱ ስም እንደ ገና ተለወጠና ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች። ሳምባጂ አውራንግዜብ በ1689 ያስገደለው የማራታ ንጉሥ ነው። አያቱ ሻሃጂም በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ከመሊክ አምበር ጎን ተሰልፎ ሞጉሎችን ወግቶ ነበር።