የመሰናዶ ወጪ፦ በጅምላ የልብስ ህትመት ዋጋ ውስጥ ስም ያጣው ሒሳብ

«የመሰናዶ ወጪ» የሚለው ስያሜ፣ የሚሠራው ዕቃ አንድም ይሁን አንድ ሺህ መጠኑ ሳይለወጥ፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚወጣውን ገንዘብ፣ ጊዜና ጉልበት የሚያመለክት ሲሆን፣ እዚህ የቀረበው በእንግሊዝኛ «ሴትአፕ ኮስት» የሚባለውን የምርት ሒሳብ ቃል በአማርኛ ለመተካት ነው። ቃሉ በየትኛውም የማምረት ሥራ ውስጥ ቦታ ቢኖረውም፣ እጅግ የሚያስፈልገው በትእዛዝ ልብስ ለሚያትሙ ትንንሽ ድርጅቶች ነው፤ ምክንያቱም በእነርሱ ዘንድ አንዱ ትእዛዝ አሥር ቲሸርት የሚፈልግ የሚዜዎች ቡድን፣ ሌላው ደግሞ ሦስት መቶ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግን የሚጠይቁት «አንዱ ስንት ነው?» ብለው ነው።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ሌሎች ቃላትም ሊታሰቡ ይችላሉ። «የዝግጅት ወጪ» የሚለው በቅርብ የሚገኝ ቢሆንም፣ «ዝግጅት» በዛሬው አነጋገር ሰርግን፣ ምረቃንና ስብሰባን ስለሚያስታውስ፣ ለሰርጉ ቲሸርት ሊያሳትም የመጣ ደንበኛ «የዝግጅት ወጪ» የሚል ጽሑፍ በደረሰኝ ላይ ቢያይ ለድግሱ የተጠየቀ ክፍያ ሊመስለው ይችላል። «መነሻ ወጪ» ከመነሻ ካፒታል ጋር ይምታታል። «ቋሚ ወጪ» ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ የሒሳብ ቃል ነው፤ የሱቁ ኪራይ ትእዛዝ ቢመጣም ባይመጣም በየወሩ የሚከፈል ሲሆን፣ የመሰናዶ ወጪ ግን ትእዛዝ ከሌለ የለም፣ አዲስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ ይወለዳል። «መሰናዶ» ከ«አሰናዳ» የወጣ፣ ዕቃን በየቦታው አድርጎ ለሥራ ብቁ ማድረግን የሚገልጽ ስም በመሆኑ ሐሳቡን በቅርብ ይይዘዋል፤ ቃሉ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ላለው ትምህርት መጠሪያ ሆኖ ማገልገሉም ትርጉሙን ያጠናክረዋል እንጂ አያውከውም።

ነገሩ ስም ባይኖረውም ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። እንጀራ የምትጋግር ሴት እሳቱን አንድዳ፣ ምጣዱ እስኪሰማ ጠብቃ፣ አስሳ የምትጀምረው አንድ እንጀራ ለማውጣት አይደለም፤ ለአንዱም ለሠላሳውም የሚያስፈልገው ማገዶና ጊዜ በመጀመሪያው ደረጃ እኩል እንደሆነ ታውቃለችና ነው። በሽመናና በንግድ የታወቁት የይፋት አርጎባዎችም ሆኑ ሌሎች የአካባቢው ሸማኔዎች ይህንኑ በድርና በማግ ይለዩታል፤ ድሩ አንዴ ተዘርግቶ ከተወጠረ በኋላ ማጉን መወርወር በክንድ የሚቆጠር ሥራ ሲሆን፣ ድሩን መዘርጋት ግን ለአጭሩም ለረጅሙም ጨርቅ የማይቀር ድካም ነው። በዘመናዊ ሒሳብ ይህን ልዩነት በቀመር ያስቀመጠው አሜሪካዊው ፎርድ ዊትማን ሃሪስ ሲሆን፣ በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ ቢሠራ እንደሚያዋጣው ያሰላው የመሰናዶውን ወጪ ለብቻው ነጥሎ ነው።

በልብስ ህትመት የመሰናዶ ወጪ ጎልቶ የሚታየው በወንፊት ህትመት፣ ማለትም ባለሙያዎቹ «ሲልክ ስክሪን» በሚሉት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሥዕሉ በቀለም በቀለሙ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በየራሱ ፊልም ላይ ይወጣል፤ በፍሬም ላይ የተወጠረው ረቂቅ ወንፊት ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ፈሳሽ ተቀብቶ በጨለማ ይደርቃል፤ ፊልሙ ተለጥፎበት መብራት ከበራበት በኋላ ሲታጠብ ሥዕሉ ባለበት ቦታ ብቻ ወንፊቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም ፍሬሞቹ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል እንዲያርፉ ተስተካክለው በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሙከራ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ሲያልፍ ገና አንድም ቲሸርት አልታተመም። ሦስት ቀለም ያለው ዓርማ ሦስት ፊልምና ሦስት ፍሬም ስለሚፈልግ፣ የመሰናዶ ወጪ የሚቆጠረው በቲሸርት ሳይሆን በቀለምና በንድፍ ነው፤ ደንበኛው «ከኋላ በኩል ስልክ ቁጥር ጨምሩልን» ሲል አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ የጨመረ ቢመስለውም፣ በእርግጥ የጨመረው አንድ ሙሉ መሰናዶ ነው።

በሸዋ ሮቢት ከተማና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ለዚህ የሚጨመር የአየር ጠባይ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሞቃት ቆላ ናት። ውሃ ቀመስ ቀለም በሙቀትና በደረቅ አየር ወንፊቱ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ አታሚው ለምሳ ከተነሳ ወይም ቲሸርት አቀባዩ ከዘገየ ፍሬሙ ታጥቦ፣ ደርቆና ዳግም ተስተካክሎ ሥራው እንደገና መጀመር አለበት። እንዲህ ያለው ዳግም መሰናዶ በሒሳቡ ውስጥ ካልታሰበ ከአታሚው ትርፍ ላይ የሚቆረጥ ነው፤ ስለዚህ በቆላ የሚሠራ አታሚ የመሰናዶ ዋጋውን ከደጋ ባልደረባው ቢያስበልጥ ተገቢ ምክንያት አለው።

ለማሳያ ያህል ብቻ፣ ያልታተመው ቲሸርት 300 ብር፣ የአንዱ ቲሸርት ቀለምና የማተሚያ ጉልበት 40 ብር፣ የሦስት ፍሬም መሰናዶ ደግሞ 3,000 ብር ቢሆን፣ ለአሥር ቲሸርት የአንዱ ወጪ 640 ብር ይሆናል፤ ለሃምሳ 400፣ ለመቶ 370፣ ለሦስት መቶ ደግሞ 350 ብር ይደርሳል። ከአሥር ወደ ሃምሳ ሲኬድ በእያንዳንዱ ቲሸርት ላይ 240 ብር ይወርዳል፤ ከመቶ ወደ ሦስት መቶ ሲኬድ ግን የሚወርደው 20 ብር ብቻ ነው። ትእዛዙ ምንም ያህል ቢበዛ ከ340 ብር በታች የሚወርድበት መንገድ የለም፤ ምክንያቱም ብዛት የሚያቀጥነው የመሰናዶውን ድርሻ እንጂ ቲሸርቱን ወይም ቀለሙን አይደለም። በዚህ ሒሳብ ሦስት መቶ ያዘዘ ደንበኛ «ብዙ ስለወሰድሁ በ330 አድርጉልኝ» ሲል አታሚው ቢስማማ፣ ትልቅ ሥራ አገኘሁ ብሎ በተደሰተበት ቀን 6,000 ብር ከኪሱ ያወጣል።

በይፋት ይህ ስሕተት የሚደጋገምበት ሥር የሰደደ ምክንያት ያለ ይመስላል። በአካባቢው «ጅምላ» የሚለው ቃል የተለመደው በሽንኩርትና በማሾ ገበያ ነው፤ በኩንታል የሚገዛ ነጋዴ በኪሎ ከሚገዛው ያነሰ ዋጋ የሚያገኘው፣ ገበሬው ሲቸረችር የሚያጠፋውን ጊዜ፣ በተለይም ሽንኩርቱ የሚበላሽበትን ሥጋት ገዢው ስለሚረከበው ነው። ሻጩ ዕቃውን ቀድሞ አምርቶታል፤ ጥያቄው ቶሎ መሸጥና አለመሸጥ ነው። አታሚው ግን ገና ያላመረተውን ነው የሚሸጠው፤ ብዙ ቲሸርት በታዘዘ ቁጥር ብዙ ቲሸርት ይገዛል፣ ብዙ ቀለም ያፈሳል፣ ብዙ ሰዓት ይቆማል። ከሽንኩርት ገበያ የመጣው የጅምላ ስሜት ወደ ማተሚያ ቤት ሲገባ ደንበኛውም አታሚውም በቅንነት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን የሚያግባባቸውም ቅናሹ ከየት እንደሚመጣ በስሙ መጥራት ነው።

መሰናዶው ሲነጠል የትኛው የህትመት ዘዴ ለየትኛው ትእዛዝ እንደሚስማማም ይታወቃል። «ዲቲኤፍ» በሚባለው ዘዴ ሥዕሉ በሙሉ ቀለሙ በፕላስቲክ ፊልም ላይ በፕሪንተር ታትሞ፣ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት፣ በሙቀት መጫኛ ልብሱ ላይ ስለሚለጠፍ ፍሬም አያስፈልግም፤ መሰናዶው ከምንም የሚቆጠር አይደለም፣ የአንዱ ዋጋ ግን ከፍ ይላል። በላይኛው ምሳሌ የዲቲኤፍ ህትመት ለአንዱ 120 ብር ቢፈጅ፣ እስከ 37 ቲሸርት ድረስ ዲቲኤፍ ይረክሳል፣ ከ38 ጀምሮ ግን ወንፊቱ ያዋጣል፤ ዓርማው ሁለት ቀለም ብቻ ከሆነ ደግሞ መሰናዶው ወደ 2,000 ብር ስለሚወርድ ሁለቱ ዘዴዎች 25ኛው ቲሸርት ላይ ይተካከላሉ። «ሰብሊሜሽን» የሚባለው ሦስተኛው ዘዴ ቀለሙ የሚይዘው ፖሊስተር ላይ በመሆኑ ለስፖርት ማሊያ እንጂ ለጥጥ ቲሸርት አይሆንም።

ያልታተመ ቲሸርት ከመርካቶ ለማምጣት የሚደረገው ጉዞም በከፊል መሰናዶ ነው፤ ሃያ ቲሸርት ለማምጣት የሚከፈለው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት መቶ ለማምጣት ከሚከፈለው ብዙም አያንስምና። ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው መውጣት የሚሹ የየሰፈሩ ወጣቶች ትእዛዝ በአንድ ሰሞን ሲደራረብ ጉዞውን ለብዙ ደንበኛ ማካፈል ይቻላል፤ ሌላ ጊዜ ብቻውን የመጣ ደንበኛ ሙሉውን ይሸከማል ወይም አታሚው ይሸከምለታል። ቀለሙ፣ ፊልሙና ፈሳሹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በቀጥታ ይነካቸዋል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል፤ በአሮጌው ዋጋ የመሰናዶ ሒሳብ የያዘ አታሚ ፊልሙን ለመተካት ሲሄድ ገንዘቡ እንደማይበቃው ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች የሚጠይቁት ፕሮፎርማ ብዙውን ጊዜ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ የሚሉ ዓምዶች ብቻ ስላሉት፣ አታሚው መሰናዶውን በአንዱ ዋጋ ውስጥ ይደብቀዋል። መቶ ተብሎ የተወዳደረበት ትእዛዝ በኋላ ወደ ስልሳ ሲቀነስ የአንዱ ዋጋ ሳይለወጥ ይቀርና የአርባው ቲሸርት የመሰናዶ ድርሻ ከአታሚው ላይ ይወድቃል። ፍቱኑ መፍትሔ «የመሰናዶ ወጪ» የሚል አንድ ረድፍ ጨምሮ ብዛቱ ላይ የፍሬሙን ቁጥር፣ የአንዱ ዋጋ ላይ የአንድ ፍሬም ዋጋ መጻፍ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብ ድርጅት ከሆነ 15 በመቶው በዚህም ረድፍ ላይ ይታሰባል። ከደንበኛው የሚወሰደው ቀብድም ቢያንስ ይህን ረድፍና ያልታተሙትን ቲሸርቶች ዋጋ መሸፈን ይኖርበታል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ዓርማ የተቀረጸበት ፍሬም ለሌላ ደንበኛ አይሸጥምና።

ረድፉ ለብቻው ሲጻፍ ግን ደንበኛው ሌላ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ የተከፈለበት ፍሬም የማን ነው? በአግባቡ ቢታሰብ ንድፉና ፊልሙ የከፋዩ ናቸው፤ እንጨቱና ወንፊቱ ግን ታጥበው ለሌላ ሥራ የሚውሉ የአታሚው መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ፍሬሙ ሳይታጠብ ለምን ያህል ወር እንደሚቀመጥ በፕሮፎርማው ግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢሰፍር፣ ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ሴሚስተር አርባ ቲሸርት ሊያስጨምር ሲመጣ የሚከፍለው የቲሸርቱንና የህትመቱን፣ ምናልባትም ፍሬሞቹን ዳግም ለማስተካከል የሚወጣውን ጥቂት ጉልበት ዋጋ ብቻ ይሆናል።