ከውቅያኖስ ግርጌ የታመቀው ውሃ ስለ ሜቴን ምን ይነግረናል?

በውቅያኖስ ግርጌ ለሚሊዮኖች ዓመታት የተከማቸ ደለል አለ። በቅንጣቶቹ መካከል ውሃ ታምቆ ይገኛል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በዚያ ውሃ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ለምን እንደሚጠናና ከምንኖርበት አየር ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንመለከታለን።

የካርቦን ሁለት ዓይነቶች

በተፈጥሮ ካለው ካርቦን ከመቶ 99 ያህሉ ካርቦን 12 ነው። ቀሪው 1 ያህል ደግሞ ጥቂት የሚከብደው ካርቦን 13 ነው። እነዚህ ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። መጠናቸው ከአንድ የጋራ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ ከሺህ ይሰላል። በባሕር ውሃ የሟሟው ካርቦን ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የባሕር ዕፅዋት ቅሪት ከዜሮ በታች 20 ገደማ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመነጩት ሜቴን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ከ60 በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩ የካርቦኑን ምንጭ ይጠቁመናል።

በደለሉ ውስጥ ያለው ማጣሪያ

ከባሕሩ ወደ ደለሉ ሰልፌት ይገባል፤ ከጥልቁ ደግሞ ሜቴን ይወጣል። ሁለቱ በሚገናኙበት ንብርብር አርኪያና ባክቴሪያ የተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ተባብረው ሜቴኑን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጡታል። በዚያ ቦታ የውሃው ካርቦን እጅግ ይቀልላል። ከባይካርቦኔቱ ከፊሉ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በታች ግን ሜቴን የሚሠሩት ተሕዋስያን ቀላሉን ካርቦን ስለሚወስዱ በውሃው የሚቀረው ካርቦን እየከበደ ይሄዳል።

የብሌክ ሪጅ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1995 ጆይድስ ሬዞሉሽን የተባለችው መርከብ ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ወዲያ በሚገኘው ብሌክ ሪጅ ደለሉን ቆፍራለች። ከወጣው ጭቃ ውሃው ተጨምቆ ሲመረመር ሰልፌቱ 20 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አልቆ ተገኘ። ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ በረዶ መሳይ የሜቴን ክምችት አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከኦሪገን ጠረፍ ወዲያ በተወሰደ ደለል ውስጥ አርኪያና ባክቴሪያ ተቃቅፈው እንደሚኖሩ በማይክሮስኮፕ ታየ።

ለምን ይጠቅመናል?

ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። በደለል ውስጥ ከሚፈጠረው አብዛኛው ወደ ባሕሩ ሳይደርስ በዚህ ማጣሪያ ይቀራል። ጋዙ በፍጥነት በሚፈልቅባቸው ቦታዎች ግን ማጣሪያው ሁሉንም አይዝም። የታመቀውን ውሃ መመርመር ምን ያህሉ እንደተያዘ ለማወቅ ይረዳናል። በዓይን የማይታዩ ፍጡራን ይህን ያህል ሥራ መሥራታቸው የአላህን (ሱ.ወ) ጥበብ እንድናስተነትን ይጋብዘናል።

ወላሁ አዕለም።