የራስ ልክ፦ የአራዳ ባርኔጣና የሠሪው መሣሪያ

በአማርኛ ዘውድም፣ ቆብም፣ ባርኔጣም የሚስማሙት በአንድ ግሥ ነው፤ ሦስቱም ይደፋሉ። ንጉሥ ዘውድ ይደፋል፤ መነኩሴ ቆብ ይደፋል፤ የከተማ ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ ይወጣል። ግሡ አንድ ይሁን እንጂ በራስ ላይ የሚደፋው ነገር የሰውየውን ማዕረግ፣ ሃይማኖትና ኑሮ ለይቶ የሚናገር ነበር። በመሆኑም የራስ መሸፈኛን ታሪክ መከታተል የኅብረተሰቡን የደረጃ አከፋፈል ታሪክ መከታተል ይሆናል።

በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ አራዳ ቀዳሚ ምስክር ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በዚያው በአራዳ ጊዮርጊስ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ በተዘረጋው ታላቅ ገበያ ደግሞ ካህኑ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ መነኩሴው ቆቡን ደፍቶ፣ መኳንንቱ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ብዙው ባላገር ራሱን ገልጦ ይተላለፉ ነበር። ከፍተኛውና ዝቅተኛው በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙበት ስፍራ ይኸው አራዳ ነበር።

ይሁን እንጂ ስለ ደፊው ብዙ ሲጻፍ ስለ ሠሪው የተጻፈው ጥቂት ነው። ዘውዱና ካባው በብሔራዊ ሙዚየም ይታያል፤ ባርኔጣው በየፎቶግራፉ ይታያል። ባርኔጣ የሚቀረጽበት ፎርማ፣ ክፈፉ የሚተኮስበት ካውያ፣ የራስ ልክ የሚያዝበት መሣሪያ ግን በቅርስነት የሚታሰብ አይደለም። የሠሪው መሣሪያ ከጠፋ የሚጠፋው ብረትና እንጨት ብቻ ሳይሆን ሥራው እንዴት ይሠራ እንደ ነበር የሚያስረዳው እውቀት ነው።

ባርኔጣ ወደ አራዳ የመጣበት መንገድ

«ባርኔጣ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣበትን መንገድ ያመለክታል። ቃሉ ከዐረብኛው «ቡርነይጣ»፣ በዚያም በኩል ከኢጣልያንኛው «ቤሬታ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር ወደቦች ሲመላለሱ የነበሩ ነጋዴዎች ያሠራጩት ነው። ከዚያ በፊት ለራስ መሸፈኛ ቆብ፣ ሻሽና ጥምጣም፣ ለጀግናም ከአንበሳ ጋማ የሚዘጋጀው ጎፈር በቂ ስያሜዎች ነበሩ። ባዕዱ ቃል የገባው ባዕዱ ዕቃ በመግባቱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ የሚታዩት ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ ከሻሹም በላይ ክፈፈ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው ነው። ይህ አለባበስ አገሬውንና ባዕዱን በአንድ ራስ ላይ ያዋሐደ ነበር። ሻሹን አላስጣለም፤ ባርኔጣውንም አልናቀም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ሰፊው ክፈፍ ከፀሐይም ከካፊያም የሚከልል ጠቃሚ ዕቃ መሆኑም አይዘነጋም።

ባርኔጣ በጠባዩ ለጉዞ አይመችም። ቀላል ቢሆንም ስፍራ ይይዛል፤ ከተጫነውም ይጨማደዳል። ዕቃ በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ በነበረበት ጊዜ ውድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን በካርቶን የታሸገ የአውሮፓ ሸቀጥ ወደ አራዳ መደብሮች በቀላሉ ይገባ ጀመር። የአርመን፣ የግሪክ፣ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች፣ ከሕንዶቹም የመሐመድ ዓሊ ኩባንያ፣ የገበያውን ዙሪያ በመደብር ሞሉት። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩምን የመሳሰሉ ታላላቅ መኳንንት አብረዋቸው ነበሩ፤ በዚያ ጉዞ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ካባና ሰፊ ባርኔጣ የኢትዮጵያ መኳንንት የክብር ልብስ ሆነው ይታያሉ። በኢጣልያ አሌሳንድሪያ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1857 የተመሠረተው የቦርሳሊኖ ፋብሪካም ስሙ በአዲስ አበባ የባርኔጣ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣው ባርኔጣ የሚሠራው ለአውሮፓዊ ራስ፣ ያውም በባዶ ራስ ተለክቶ ነው። ከሻሽ በላይ የሚደፋ ባርኔጣ ግን በባዶ ራስ በተያዘ ልክ ሊሆን አይችልም። ጎፈሬ ያሳደገ ሰው፣ ሹሩባ የተሠራ ሰው፣ ጠጉሩን የተላጨ ሰው፣ ራሳቸው እኩል ቢሆን እንኳ የባርኔጣ ልካቸው ይለያያል። ስለዚህ ቁጥሩ በባርኔጣው ውስጥ ተጽፎ ቢመጣም ለአገሬው ራስ የሚበቃ ማስረጃ አልነበረም። «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተተረተ ቢሆንም ለባርኔጣ ሠሪም ይሠራል፤ ሥራው መጀመር ያለበት ራሱን ከማጥናት ነው።

ልክ የሚያዘው እንዴት ነው?

የጥሩ ባርኔጣ ጨርቅ ተፈትሎ የሚሸመን አይደለም። የጥንቸል፣ የቢቨር ወይም የበግ ጠጉር በሙቀት፣ በእርጥበትና በመጫን እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንዲጠቀጠቅ ይደረጋል። ከዚያም በእንፋሎት እየለሰለሰ ከእንጨት በተጠረበ ፎርማ ላይ ይወጠራል፤ በገመድ ይታሠራል፤ ሲደርቅ የፎርማውን መልክ ይዞ ይቀራል። ክፈፉም በካውያ ይተኮሳል።

ይህ ሥራ በሠራተኛው ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰ መሆኑን ታሪክ መዝግቦታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጠጉሩ በቀላሉ እንዲቆላለፍ በባዜቃ ውሑድ ይታሽ ነበር። ከዚያ የሚነሣውን ጢስ በየቀኑ የሚተነፍሱት ባርኔጣ ሠሪዎች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ጠባያቸው ይለወጥ፣ አእምሯቸውም ይታወክ ነበር። በአሜሪካ ባዜቃ ከዚህ ሥራ የቀረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ነው። በመኳንንት ራስ ላይ የክብር ምልክት የሆነው ዕቃ በሠሪው ላይ የደዌ ምንጭ ነበር ማለት ነው።

ፎርማ አጠቃላይ መልክ ይሰጣል እንጂ የአንድን ሰው ራስ ለይቶ አያውቅም። የሰው ራስ ፍጹም ክብ አይደለም፤ አንዱ ግንባሩ ይወጣል፤ ሌላው ከጆሮው በላይ ይሰፋል፤ የብዙው ሰው ግራና ቀኝ እኩል አይሆንም። ሜትር ዙሪያውን ይለካል፤ ቅርጹን ግን አይናገርም። ለዚህ ችግር መፍትሔ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓሪስ ሲሆን፣ መሣሪያው ኮንፎርማተር ይባላል።

ኮንፎርማተር ሲታይ ራሱ አናተ ረዥም ባርኔጣ ይመስላል። ዙሪያውን በርካታ ቀጫጭን የእንጨት ቁልፎች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በሞላ ተደግፎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንቀሳቀሳል። መሣሪያው በደንበኛው ራስ ላይ ሲደፋ ቁልፎቹ የራሱን ጉብታና ስርጉድ ተከትለው ይገፋሉ። በላይኛው በኩል ከቁልፎቹ ጋር የተያያዙ መርፌዎች አሉ፤ ወረቀት የተለጠፈበት ክዳን ሲዘጋባቸው ወረቀቱን ወግተው የራሱን ንድፍ በአነስተኛ መጠን ያትማሉ። ወረቀቱ በንድፉ ዙሪያ ይቆረጥና የደንበኛው ስም ተጽፎበት ይቀመጣል። ሁለተኛ መሣሪያ ደግሞ ያንን ትንሽ ንድፍ እንደገና ወደ ትክክለኛ መጠኑ ይመልሰዋል፤ በባርኔጣው ውስጥ ገብቶ፣ ባርኔጣው በሙቀት እየለሰለሰ ያንኑ ቅርጽ እንዲይዝ ያደርገዋል። ደንበኛው ከዚያ በኋላ በሩቅ አገር ቢሆን እንኳ በወረቀቱ ብቻ ባርኔጣ ሊሠራለት ይችላል።

የዚህ መሣሪያ ትምህርት ከባርኔጣ ያልፋል። አንድ የእጅ ሙያተኛ ሰውን በቁጥር ሳይሆን በመልኩ እንደሚያውቅ ያሳያል። የአራዳ ጫማ ሠሪ በፎርማው፣ ልብስ ሰፊ በሜትሩ፣ ወርቅ ሠሪ በቀለበት መለኪያው የሚፈጽሙት ይኸንኑ ነው። ፎርማ፣ ሞላ፣ ካውያ የሚባሉት ቃላት ከባዕድ ቋንቋ መጥተው አማርኛ የሆኑትም ከየወርክሾፑ ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ቃሉ ከመሣሪያው ጋር ገባ፤ መሣሪያው ሲጠፋም ቃሉ ብቻውን ይቀራል።

መሣሪያው ለምን አልተጠበቀም?

የመጀመሪያው ምክንያት ለሙያተኛው የነበረው ንቀት ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው የሚሠራውን ዕቃ ሁሉም እየተጠቀመበት፣ ሙያተኛው ግን በቡዳነት እየተጠረጠረ በስድብ ይጠራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል። ዐዋጅ አንደበትን ሊገታ ይችላል፤ ልማድን ለመለወጥ ግን ረዥም ዘመን ያስፈልጋል። ሰው የናቀውን ሰው መሣሪያ ለልጅ ልጁ አያስቀምጥም።

ሁለተኛው ምክንያት ጦርነትና እሳት ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት የአራዳ መደብሮች ተዘርፈው ተቃጥለዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሺስቶች በፈጸሙት ጭፍጨፋ ደግሞ ሕዝቡ ከነቤቱ ነደደ፤ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ከእሳቱ አላመለጠም። ወራሪው ከዚያ ወዲያ አገሬውን ከአውሮፓዊ ለመለየት ባወጣው ፕላን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ወሰደ፤ የአራዳንም እምብርት ፒያሳ አለው። የመሐመድ ዓሊ ኩባንያም በዚያው ዘመን ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ገበያ ሲዛወር ወርክሾፕ ይበተናል፤ ወርክሾፕ ሲበተን መሣሪያ ይጠፋል።

ሦስተኛው ምክንያት የኑሮ ለውጥ ነው። በዓለም ዙሪያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባርኔጣ የማድረግ ልማድ እየቀነሰ ሄደ፤ በፋብሪካ በጅምላ የሚመረተው ልብስም በልክ የሚሠራውን ተካው። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ዘውዳዊው ሥርዓት ሲወድቅ የመኳንንቱ ካባና ባርኔጣ ከአደባባይ አብሮ ወረደ።

አራተኛው ምክንያት ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ብሎ የተረጎመው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚያ ትርጓሜ መሠረት በአራዳ የተሠራ አንድም ዕቃ፣ ፎርማም ሆነ ዘውድ፣ ጥንታዊ ሊባል አይችልም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ይህን የዘመን ገደብ ትቶ፣ በእጅ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን የሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤት ሁሉ በቅርስነት አቅፎታል። የሕጉ በር ተከፍቷል፤ በበሩ የሚገባውን መሣሪያ ፈልጎ ማምጣት ግን የሕግ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው።

ጥገናው ምን ይጠይቃል?

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ቤት ሲለቀቅ ወርቅና ሰነድ አስቀድሞ ይወጣል፤ ከቆጥ ላይ ያለ ነቀዝ የበላው ፎርማና የዛገ ካውያ ግን ለቁራሌው ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥገና ከመጣል ማዳን ነው።

ሁለተኛው ሥራ መመዝገብ ነው። መሣሪያው ከመነካቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የማን እንደ ነበረ፣ የት ወርክሾፕ እንደ ሠራ፣ ምን ይባል እንደ ነበረ ይጻፋል። ስሙ ያልታወቀ መሣሪያ ግማሽ መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ማስተዋልን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ አሮጌ ዕቃ የሚበላሸው በጥገና ነው። የፎርማ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ያምራል፤ ነገር ግን የሠሪው አውራ ጣት ያለሰለሰው ጠርዝ፣ ገመዱ የቆረጠው መስመር፣ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር አብሮ ይፋቃል። ለእንጨቱ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፎ፣ ነቀዙን አጥፍቶ፣ በስሱ ሰም መቀባት ይበቃዋል። የብረቱ ዝገት በጥቂት ዘይት እየለሰለሰ በትዕግሥት ይነሣል እንጂ እስኪያበራ አይሞረድም። የተሰበረ ሞላ ወይም የደረቀ ቡሽ ሲተካ አሮጌው አይጣልም፤ ምልክት ተደርጎበት ከመሣሪያው ጋር ይቀመጣል። አሮጌ ባርኔጣ አብሮ ከተገኘ ባዜቃ ሊኖርበት ስለሚችል ያለ ጓንት መዳሰስ፣ በዝግ ቤት ውስጥም ማራገፍ አይገባም።

አራተኛውና ዋናው፣ የተጠገነው መሣሪያ መሥራት መቻል አለበት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻ የሚታይ ፎርማ የእንጨት ጉማጅ ነው። ዋናው ዕቃ በክብር ተቀምጦ፣ በልኩ ከዋንዛ ወይም ከጥድ የተጠረበ አምሳያ ለተማሪ እጅ ሲሰጥ ግን እውቀቱ ይቀጥላል። ለዚህም ሙዚየም ብቻውን አይበቃም፤ ሞላ የሚያውቀው ሰዓት ጠጋኝ፣ እንጨት የሚያውቀው አናጢ፣ ጨርቅ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ከተመራማሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ ይገባል። እነዚህ ሙያተኞች ስለ ቅርሱ የሚጠየቁ ብቻ ሳይሆኑ እነርሱ ራሳቸው የቅርሱ ባለቤቶች ናቸው።

ለመምህሩም ሆነ ለሠዓሊው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። የአንድ ዘመን ታሪክ በደፊው ብቻ ሲጻፍ ጎዶሎ ይሆናል። የምኒልክን ባርኔጣ የሚሥል ሠዓሊ ከባርኔጣው ሥር ያለውን ሻሽ፣ ከሻሹም ሥር ያለውን ራስ፣ ያንን ራስ የሚለካውንም እጅ ካላሰበ ልብሱን እንጂ ሰውን አልሣለም። ዘውድ ለአንድ ሰው ራስ ተለክቶ ይሠራል፤ የባርኔጣ ሠሪው መሣሪያ ግን ባለማዕረግ ሳይል፣ ባላገር ሳይል፣ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ልክ ይይዛል።