ስለ አስመራ ከተማ ስምና ሕንፃ

ሕንፃን መመርመር የመሐንዲስ እንጂ የቅኔ ተማሪ ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በኮልፌ ቀራንዮ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ወደ መሐል ከተማ በተመለከትሁ ቍጥር፣ አሮጌው ቤት እየፈረሰ በመስተዋት የተለበጠ ፎቅ ሲነሣ አያለሁና፣ ከሚፈርሰው የትኛው ሊጠበቅ ይገባው እንደ ነበረ ማሰቤ አልቀረም። ይህን አሳብ ያጸናብኝ ወደ አስመራ ያደረግሁት ጉዞ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት መቋረጥ በኋላ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ወደ አስመራ መብረር ጀምሮ ነበርና፣ እኔም በተከታዩ ዓመት ሄጄ ጥቂት ቀን ሰነበትሁ። አስመራ ታላቅ ከተማ አይደለችም፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በደጋ ላይ የተቀመጠች፣ በእግር ተዘዋውረው የሚያዩአት ከተማ ናት። ሆኖም ስለ ዘመናዊ ሕንፃዋ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች።

አስቀድሞ ስለ ስሟ ልናገር። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ በዚያ ሥፍራ ገዛ ጉርቶም፣ ገዛ ሸለለ፣ ገዛ ሰረንሰርና ገዛ አስማኤ የሚባሉ አራት መንደሮች ነበሩ። መንደሮቹ ተለያይተው ሳሉ ወንበዴ እያጠቃቸው ስለ ተቸገሩ፣ ሴቶቹ ተመካክረው ባሎቻቸውን አስማሙና አራቱ አንድ ሆኑ። ስለዚህም ቦታው «አርባዕተ አስመራ» ተባለ፤ አራቱን አንድ አደረጉ ማለት ነው። ሰዋስው የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ በግእዝ «ሠምረ» ወደደ፣ ፈቀደ ማለት ሲሆን፣ የግሡ መድረሻ ራብዕ መሆኑ አድራጊዎቹ ብዙ ሴቶች መሆናቸውን ያመለክታልና። እንግዲህ የከተማይቱ ስም ራሱ የሴቶችን የማስማማት ሥራ ይመሰክራል።

ራስ አሉላ በ1870ዎቹ መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። በ1881 ዓ.ም. ግን የኢጣልያ ጦር ያዛት፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። ኦዶአርዶ ካቫኛሪ የተባለው መሐንዲስ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባወጣው ፕላን የነጩና የአገሬው ሰፈር ተለየ። ፋሺስት ኢትዮጵያን ሊወር በተነሣ ጊዜ ደግሞ አስመራ የጦሩ ስንቅና ትጥቅ ማከማቻ ሆነችና፣ በ1931 ዓ.ም. ከ98,000 ያህል ነዋሪዋ 53,000 የሚሆነው ኢጣልያዊ ነበረ።

ዛሬ የሚደነቁት ሕንፃዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ማርዮ መሲና የነደፈው ሲኒማ ኢምፔሮ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ጁዜፔ ፔታዚ የነደፈው ፊያት ታሊየሮ የተባለው የነዳጅ ማደያ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ፤ መልኩ ለመብረር እንደ ተዘጋጀ አውሮፕላን ነው፤ በግራና በቀኝ የተዘረጉት የሲሚንቶ ክንፎቹም ከሥራቸው ምሰሶ የላቸውም። ሹማምንቱ አይጸናም ብለው በእንጨት ደግፈውት ሳለ፣ መሐንዲሱ ሽጉጥ መዝዞ ሠራተኛውን በማስፈራራት ድጋፉን አስነሣ እየተባለ ይተረካል። ተረኩ እውነትም ይሁን አይሁን፣ ክንፎቹ እስከ ዛሬ አልወደቁም።

ነገር ግን ውበቱን እያደነቅን ሕጉን ልንረሳ አይገባም። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረውን ኢጣልያዊ እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። ቪቶርዮ ካፊየሮ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው ፕላንም ከተማይቱን በዘር ይከፍላት ነበር። ስሟ መስማማት፣ ሕጓ መለያየት ሆነ ማለት ነው።

በዋናው ጎዳና ከዘንባቦቹ ጥላ ሥር ያገኘኋቸው አንድ አረጋዊ ባማረ አማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ «መሪጌታ፣ አባቴ ከነዚህ ሕንፃዎች ለአንዱ ድንጋይ ተሸክሟል። ሲያልቅ ግን በፊት ለፊቱ በር አልገባበትም። እኔ ገባሁበት፤ ልጆቼም ገቡበት። አሁን የማን ነው ይላሉ?» መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ጥያቄው ራሱ መልስ ነበረና።

የፋሺስት ግዛት በአስመራ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አበቃ። ያ ጎዳና በሞሶሊኒ ስም፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተጠርቶ ነበር፤ ዛሬ ሐርነት ይባላል። «ኢምፔሮ» ማለት የንጉሠ ነገሥት ግዛት ማለት ነው፤ ግዛቱ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሲወድቅ ሲኒማ ቤቱ ለአገሬው ሰው ቀረ። በዚያው ዘመን የተሠራው የእንዳ ማርያም ካቴድራል ደግሞ፣ መሐንዲሱ ኤርኔስቶ ጋሎ ኢጣልያዊ ቢሆንም፣ ግንቡ የአክሱምን የአሠራር ሥርዓት ይከተላል። የእንግዳው እጅ የአገሩን ሥርዓት ሳይማር ሊሠራ አልቻለም ማለት ነው። ከእርሱም ሳይርቅ የካቶሊክ ካቴድራልና ታላቁ መስጊድ ይታያሉ።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽንና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የነደፈው አርቱሮ መዜዲሚ፣ ገና በወጣትነቱ አስመራ ገብቶ ሥራውን በዚያ የጀመረ ሰው ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አፈወርቅ ተክሌም በመስኮቱ መስተዋት ላይ የአፍሪካን ትግል ሣለበት። በቅኝ ገዢ ከተማ የተገኘ ጥበብ ነጻ ለወጡ ሕዝቦች መሰብሰቢያ መሥሪያ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ ብዙ ሰው አዘነ። እኔ አሮጌ ሁሉ ይቅር አልልም፤ ጣራው በሚያፈስ ቤት ዝናብ ሲወርድበት የሚያድር ድሀ የተሻለ ቤት ቢመኝ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ቤት ከመፍረሱ አስቀድሞ ማን እንዳሠራው፣ ማን ድንጋዩን እንደ ጠረበ፣ ማንስ እንደ ኖረበት ሊጻፍ ይገባል። የአስመራ ሕንፃ የነደፉት ሰዎች ስማቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ድንጋዩን የተሸከሙት ግን በልጆቻቸው አንደበት ብቻ ቀርተዋል፤ ልጆቹም እያረጁ ነው። በአዲስ አበባም የእነዚያን ሽማግሌዎች ቃል ለመጻፍ ብርዕ ያለን ሁሉ እንፍጠን።