የመምህሩ ክብርና የመምህሩ ኑሮ፦ የኢትዮጵያ መምህራን አቤቱታ ታሪካዊ መሠረት

በኢትዮጵያ የመምህራን አቤቱታ ዘመን የጠገበ ነው። በየሥርዓቱ ተነሥቷል፣ በየሥርዓቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ገጥሞታል፦ ሐኪሙ ሌሊቱን ሲያድር፣ ወታደሩ ሕይወቱን ሲሰጥ፣ ገበሬው ያለ ደመወዝ ሲለፋ የመምህሩ ቅሬታ ከሌላው ሠራተኛ ቅሬታ በምን ይበልጣል? ይህን ጥያቄ የአንድ ወቅት የደመወዝ ሰንጠረዥ በማነጻጸር ብቻ መመለስ አይቻልም። የሥራ ሁኔታ የሚባለው ነገር ከደመወዝ በተጨማሪ የክፍለ ጊዜን ጫና፣ በአንድ ክፍል የሚማሩትን ልጆች ብዛት፣ የምደባንና የዝውውርን ሥርዓት፣ መኖሪያን፣ የሥራ ዋስትናንና በሙያው ጉዳይ የመደመጥን መብት የሚያጠቃልል ስለሆነ፣ ፍርዱ መምህርነት በአገሪቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መመርመርን ይጠይቃል።

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት መምህርነት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጥላ ሥር የቆመ ሙያ ነበር። በቤተ ክርስቲያን በኩል ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት በኩል እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ድረስ የሚዘልቀው ትምህርት እንደየዘርፉ የታወቁ ማዕከላት ነበሩት፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነ ነበር። የእነዚህ ጉባኤዎች መምህራን በዛሬው አነጋገር ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ ደመወዝ አልነበራቸውም ማለት ግን መተዳደሪያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ሰሞን መሬት የሚባለው፣ ቤተ ክርስቲያንን ለሚያገለግሉ ሰዎች መተዳደሪያ እንዲሆን የሚሰጠው ይዞታ፣ ብዙዎቹን ይደግፋቸው ነበር፤ ድርጎ ማለትም በእህል የሚታደል ቀለብ የሚያገኙም ነበሩ። ተማሪውም በልመና ያገኘውን እየቀመሰ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማሳ ያርሳል። በወሎ እንደ ዳናና ጌታ ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ደረሳ እየተባለ የሚጠራው ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ በሼኹ እግር ሥር ሲማር፣ የአካባቢው ሕዝብ ደግሞ መምህሩንና ተማሪዎቹን በሚያዋጣው እህልና ከብት ይደግፍ ነበር። በችግር የኖሩ መምህራን በሁለቱም ወገን ብዙ ቢሆኑም፣ ሥርዓቱ በመሠረቱ ለመምህሩ ክብርንና ኑሮን አንድ ላይ ይሰጥ ነበር፤ መምህሩም ከተማሪው የሚጠበቀውን ትጋት፣ የትምህርቱን ይዘትና የማስመስከሪያውን መስፈርት ራሱ ይወስን ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህርነት ወደ መንግሥት ሥራነት መለወጥ ጀመረ። የዘመናዊ ትምህርትን መምጣት በጥርጣሬ የሚያዩ የቤተ ክህነት ሰዎች ስለነበሩ፣ የመጀመሪያዎቹ መምህራን በእምነት ከሚመሳሰሉት ከግብፅ ኮፕቶች መካከል እንዲመጡ ተደረገ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በአብዛኛው በውጭ አገር መምህራን ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢትዮጵያውያን መምህራን በቁጥር ከመበርከታቸው በፊት የጣሊያን ወረራ ደረሰ፤ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጠላት የተማሩትን ወጣቶች እየለየ ስለፈጃቸው፣ አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃነቷን ስትመልስ ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚያስፈልገው ቀዳሚ ነገር፣ ማለትም የሚያስተምር ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ የጎደለ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ዓመታት ለዘመናዊው መምህር የክብር ዘመን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው መቆየታቸው መንግሥት ለዘርፉ የሰጠውን ግምት ያሳያል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የተጀመረው የመምህራን ማሠልጠኛ ኋላ ወደ ጉለሌ ተዛወረ፣ ከዚያም በሐረር ተተከለ፤ ተመሳሳይ ተቋማትም በሌሎች ከተሞች ተከተሉ። በየጠቅላይ ግዛቱ የተመደበው ወጣት መምህር በብዙ ከተሞች ካሉት ጥቂት ደመወዝተኞች አንዱ ስለነበር በአውራጃው ሹም ዘንድ የሚታወቅ፣ በወላጆች ዘንድ የሚከበር ሰው ነበር። የመምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ሲመሠረትም ከአገሪቱ ቀደምት የሙያ ማኅበራት አንዱ ሆነ።

ይህ ደረጃ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም መምህሩ ራሱ ያስተማራቸው ሰዎች ለሌሎች ሙያዎች በር ከፈቱ። ባንኩ፣ አየር መንገዱ፣ ቴሌኮሙኒኬሽኑና የአውራ ጎዳናው መሥሪያ ቤት እየተስፋፉ ሲሄዱ የተማረ ሰው ይፈልጉ ስለነበርና የተሻለ ክፍያና የከተማ ኑሮ ያቀርቡ ስለነበር፣ መምህርነት ለብዙ ወጣቶች ወደ ሌላ ሥራ መሸጋገሪያ ሆነ። ጉድለቱን ለመሙላት መንግሥት ወደ ጊዜያዊ መፍትሔ አዘነበለ፤ በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በመቶዎች መጥተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያዝ ሥርዓት ተጀመረና አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። ሁለቱም እርምጃዎች ብዙ ልጆችን ጠቅመዋል፤ ሆኖም የመምህር እጥረት የቋሚውን መምህር ኑሮ በማሻሻል ሳይሆን በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ጉልበት በመፈለግ የሚፈታ ጉዳይ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጽንተዋል።

የዚህ አስተሳሰብ ውጤት በ1966 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደውና በእንግሊዝኛ ስሙ ሴክተር ሪቪው በመባል የታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ትምህርትን በአነስተኛ ወጪ ለብዙኃኑ ለማዳረስ በሚል የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርትን ለአብዛኛው ሕፃን በቂ ደረጃ አድርጎ የሚያስቀምጥ፣ ለወጪው ቁጠባም የመምህራንን የደመወዝ ዕድገት የሚገታ ሐሳብ ይዞ ነበር። ወላጆች የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት ሲሉ፣ መምህራን ደግሞ የማስፋፋቱ ዋጋ ከእነርሱ ኪስ እንደሚወጣ ተረዱ። ስለዚህም የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ከጥር ወር ጀምሮ በነገሌ ቦረና የተነሣው የወታደሮች አድማ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛምቶ ነበር።

እነዚያ ሳምንታት የተለያዩ ሙያዎች አቤቱታ ጎን ለጎን የቆመባቸው በመሆናቸው ለንጽጽር የተለየ ዋጋ አላቸው። መንግሥት በቀናት ውስጥ ለወታደሮች የደመወዝ ጭማሪ ፈቀደ፣ የነዳጁን ዋጋ በከፊል ቀነሰ፣ የትምህርት ጥናቱን ተግባራዊነት ደግሞ አዘገየ። ወታደሩና ታክሲ ነጂው በኑሯቸው ላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ነገር ሲያገኙ መምህሩ ያገኘው የከፋ ነገር እንዳይመጣበት ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ልዩነቱ መምህሩ ከሌሎቹ ያነሰ ስለተቸገረ የመጣ አልነበረም። መሣሪያ የያዘና የከተማውን እንቅስቃሴ በአንድ ቀን የሚያቆም ሠራተኛ የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው ሲታይ፣ የተቋረጠ ትምህርት ጉዳት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ በመሆኑ መንግሥታት ሊታገሡት ይችላሉ።

የንጉሡን ሥርዓት የተካው ደርግ መምህሩን ይበልጥ ፈለገው፣ ኑሮውን ግን አላሻሻለለትም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ንባብና ጽሕፈትን በ15 ቋንቋዎች በማስተማር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። በእነዚህ ሥራዎች ዋናውን ሸክም የተሸከመው መምህር በዚያው ዘመን ከቀይ ሽብር ሰለባዎች መካከል ነበር፤ ማኅበሩም ነፃነቱን አጥቶ የሥርዓቱ መሣሪያ እንዲሆን ተደረገ። የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ እርከን ለረጅም ዓመታት ሳይነካ በመቆየቱ በዲግሪ የተመረቀ መምህር የሚጀምርበት 500 ብር የታወቀ ቁጥር ሆነ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ የደመወዙ መቆም ነርሱንም የሒሳብ ሠራተኛውንም እኩል የጎዳ ነበርና በዚህ ረገድ መምህሩ የተለየ በደል ደረሰበት ሊባል አይችልም። ሆኖም ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ከመደበኛ ሥራው ውጪ ያን ያህል ተደጋጋሚ አገራዊ ዘመቻ እንዲሸከም አልተጠየቀም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የታየው የትምህርት መስፋፋት በአገሪቱ ታሪክ ወደር የለውም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችም ቁጥር በሁለት ዐሥርት ዓመታት ከ3 ሚሊዮን ገደማ ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ አደገ። ይህ ድል በፈረቃ ትምህርት፣ ማለትም አንዱን ክፍል ጠዋትና ከሰዓት ለተለያዩ ተማሪዎች በማዋል፣ በተጨናነቁ ክፍሎችና በአጭር ጊዜ በሠለጠኑ መምህራን ትከሻ የተገኘ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለአንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወርድ የደመወዙ የመግዛት ዐቅም ተሸረሸረ፤ በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ መባረራቸው የሥራ ዋስትናን አናጋ፣ የመምህራን ማኅበሩም ለሁለት ተከፍሎ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ፕላዝማ በመባል የታወቀው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ደግሞ መምህሩን ትምህርቱን ከሚመራ ሰው ወደ ተመልካችነት ዝቅ አደረገው፤ ስርጭቱ በራሱ ፍጥነት ሲሄድ መምህሩ ያልገባውን ተማሪ ለመርዳት የሚቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ።

ዛሬ የመምህራን ቅሬታ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመዘን ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያጸደቁት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብ፣ የመምህራን ደመወዝ ተመሳሳይ ትምህርትና ብቃት ከሚጠይቁ ሌሎች ሙያዎች ጋር ሲነጻጸር የተሻለ እንጂ ያነሰ እንዳይሆን፣ መምህራንም በትምህርት ፖሊሲ ላይ እንዲመከሩ ይጠይቃል። በዚህ መስፈርት ሲታይ አንድ ዓይነት ዲግሪ የያዙ ሰዎች አንዱ ባንክ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ሲገቡ የኑሮ ልዩነታቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚሰፋ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ነው።

ተቃራኒው ሐሳብም መመዘን አለበት። መምህሩ የክረምት ዕረፍት አለው ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ መምህራን ክረምቱን ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ለማደግ በሚሰጠው የክረምት ትምህርት ላይ ያሳልፉታል፣ በየምሽቱ የሚያርሙት ፈተናና የሚያዘጋጁት የትምህርት ዕቅድም በሥራ ሰዓት አይቆጠርም። የጤና ባለሙያው ሌሊት ያድራል፣ ለበሽታ ይጋለጣል፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ማቆማቸው የእነርሱም ኑሮ ከመምህሩ ያልተሻለ መሆኑን አሳይቷል። የሁለቱ ቅሬታ ግን የሚፎካከር አይደለም፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡት ጥያቄ ከጤና ባለሙያዎቹ ጥያቄ ጋር አንድ ነበር። በትግራይ ጦርነት ዘመን መምህራን ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ መቆየታቸው ደግሞ በየትኛውም ሙያ ሚዛን ቢመዘን ቅሬታ ብቻ የሚባል ጉዳይ አይደለም። በሕግ በኩልም ልዩነት አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛን በማኅበር የመደራደር መብት ሲያጎናጽፍ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሚተዳደር ያን የድርድር መብት አላገኘም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የሚከተለው ነው። መምህሩ ከሠራተኛው ሁሉ በላይ የተቸገረ ነው ማለት ታሪኩ የማይደግፈው ማጋነን ነው፤ ቅሬታው ግን በመሠረቱ ፍትሐዊ ነው፤ ምክንያቱም ዘመናዊው መንግሥት ከጥንቱ ጉባኤ የመምህሩን መሥዋዕትነት ወረሰ እንጂ ያንን መሥዋዕትነት ያስቻለውን መተዳደሪያና የመወሰን ሥልጣን አልወረሰም። ትምህርት በሰፋ ቁጥር ወጪው በመምህሩ ላይ ተጫነ፣ ውጤቱም ወደ ተማሪው ተሻገረ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ለዚህ ውድቀት መምህሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይቻል ያስገነዝባል። ስለዚህ የመምህሩን ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚያስተካክል ቋሚ ሥርዓት መዘርጋት፣ በሥርዓተ ትምህርትና በፈተና ጉዳይ ላይ ከመወሰኑ በፊት መምህሩን ማማከር፣ ማኅበሩንም በነፃነት እንዲደራደር መፍቀድ መንግሥት ለመምህራን የሚያደርገው ልዩ ውለታ ሳይሆን ለአገሪቱ ልጆች የሚከፍለው የቆየ ዕዳ ነው።