ከ«ቃል ዕውርነት» እስከ ዲስሌክሲያ፤ የአንድ የትምህርት ችግር አጭር ታሪክ

ዐይኑ የሚያይ፥ ጆሮው የሚሰማ፥ አስተዋይነትም የማይጐድለው ተማሪ ንባብ ብቻ ሲያቅተው፥ መምህራንና ወላጆች ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ነው» ብለው ይፈርዱበታል። በዚህ አጭር ጥናት፥ ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር እንዴት እንደ ታወቀና ምክንያቱን ለማግኘት የተደረገው ምርመራ ወዴት እንዳመራ ለማሳየት እንሞክራለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሐኪም ቤት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1877 ዓ.ም. ማየትና መናገር እየቻሉ ማንበብ የተሳናቸውን ሕሙማን ሁኔታ «የቃል ዕውርነት» አለው። የዐይን ሐኪሙ ሩዶልፍ በርሊንም በ1887 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ «ዲስሌክሲያ» በሚለው ስም ተጠቀመ። ሁለቱም የጻፉት አንጎላቸው ስለ ተጐዳ ዐዋቂዎች ነበር።

ጉዳዩን ወደ ተማሪዎች ያሻገረው እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ነው። በ1896 ዓ.ም. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ቢማርም ማንበብ አልሆነለትም፤ የገዛ ስሙን እንኳ ፊደሎቹን አዛውሮ ይጽፍ ነበር። ነገር ግን 749ን በ867 አባዛ ቢባል ፈጥኖ ያለ ስሕተት አባዛ። መምህሩም፥ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጠው ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የበለጠ ብልህ በሆነ ነበር ሲል መሰከረ። ይህ ምስክርነት በእኛ አስተያየት ከሐኪሙ ምርመራ ያነሰ ዋጋ የለውም።

ከዚያ በኋላ የግላስጎው የዐይን ሐኪም ጄምስ ሂንሸልውድ በ1917 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፥ ምክንያቱ የቃላትን መልክ የሚይዘው የአንጎል ክፍል ጉድለት ነው አለ፤ ልጁም ለብቻው እንዲማር መከረ። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኦርተን በ1925 ዓ.ም. በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ያለ አለመስማማት ነው አለ። አና ጊሊንግሃምና ቤሲ ስቲልማንም በ1930ዎቹ ዓመታት፥ ልጁ ፊደሉን እያየ፥ ድምፁን እየሰማ፥ በእጁም እየጻፈ በየደረጃው የሚማርበትን ዘዴ አዘጋጁ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ግን፥ በብዙዎቹ ልጆች ዘንድ ዋናው ችግር የቃልን ድምፆች ለይቶ ከፊደል ጋር ማገናኘት እንጂ የማየት ጉድለት እንዳልሆነ አሳይተዋል።

ከዚህ ላይ ልንገነዘበው የሚገባን ቁም ነገር አለ። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች የሰጡት ምክንያት በአብዛኛው ቀርቷል፤ ልጁን በትዕግሥት፥ ከድምፅ ወደ ፊደል እየመሩ የማስተማሩ ዘዴ ግን ጸንቶ ይኖራል። ይሁን እንጂ ዲስሌክሲያ በብሪታንያ ሕግ ላይ በስሙ የተጠቀሰው በ1970 ዓ.ም. ነበር። ከሞርጋን ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ 74 ዓመት አልፏል፤ በዚህ መካከል ስንቱ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከትምህርት ገበታ እንደ ተነሣ መገመት አያዳግትም።

በአገራችንም የቈሎ ተማሪ ቤት መምህር ሕፃኑን ሀሁ ካስቈጠረው በኋላ በአቡጊዳ ተራ ያስለየዋል፤ ተራውን በቃል መያዝና ፊደሉን መለየት የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃልና። ለመለየት ለሚቸገረው ልጅ ግን አለንጋው መልስ አይሆንም። የነገ መምህራን የሆንን ሁሉ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ተጨማሪ ጊዜ ልንሰጠው፥ በጓደኞቹ ፊት በግድ ከማስነበብ ልንቈጠብ፥ ዕውቀቱንም በቃል ልንጠይቀው ይገባናል። ፍርዱ ከምርመራው መቅደም የለበትም።